ጉድለት መስሎኝ ያበላሸሁት ሁለት ሰከንድ

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ኩዊን እ.ኤ.አ. በ1981 የሙዚቃ ክሊፖቹን አሰባስቦ «ግሬተስት ፍሊክስ» በሚል ርእስ በቪዲዮ ካሴት አውጥቶ ነበር። እኔ ከዚህ ካሴት ጋር የተገናኘሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለንደን ውስጥ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የምስልና የድምፅ ቤተ መዛግብት የቆዩ ካሴቶችን ወደ ዲጂታል ፋይል የምገለብጥ ቴክኒሻን ሆኜ በተቀጠርኩ በሰባተኛው ወር ነው። በዚያ ሳምንት የሠራሁትን ስሕተት ለሥራ ባልደረቦቼ በቃል ብዙ ጊዜ ተርኬዋለሁ፤ በጽሑፍ ሳሰፍረው ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ካሴቱን ለቤተ መዛግብቱ የሰጡት አንዲት ሴት ሲሆኑ፣ የሟች ወንድማቸው ንብረት ነበር። በጎኑ በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ላዩ ላይ እንዳትቀዱ» የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎበታል። በዚያ ዘመን ይህ ማሳሰቢያ ከባድ ቁም ነገር ነበረው። በ1981 ብሪታንያ ውስጥ የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ አራተኛው የተከፈተው በኅዳር 1982 ነው። የሚወደውን ባንድ ክሊፕ ማየት የፈለገ ወጣት ጣቢያዎቹ እስኪያሳዩለት ድረስ መጠበቅ ነበረበት። ሁሉንም ክሊፖች በአንድ ካሴት ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ በፈለገው ሰዓት ማየትና የወደደውን ቦታ መልሶ ማጠንጠን ማለት፣ ከዚያ በፊት ተመልካቹ ያልነበረው ሥልጣን ነው። ባንዱ በዚያው የመጸው ወቅት «ግሬተስት ሂትስ» የተባለውን አልበምና «ግሬተስት ፒክስ» የተባለውን የፎቶግራፍ መጽሐፍ አብሮ አውጥቷል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ አዲስ ነገር የነበረው ካሴቱ ነው።

ክሊፖቹ ራሳቸው የጠፉ አይደሉም። በ2002 ታድሰው በዲቪዲ ወጥተዋል፤ የተሻለ ጥራት ያለው ምስል የፈለገ ሰው ወደዚያ ይሄዳል። የእኛ ሥራ በ1981 አንድ ቤተሰብ በቪኤችኤስ ማጫወቻው ያየው ምስል ምን ይመስል እንደነበር ሳይነካ ማቆየት ነበር። ይህ በቅጥሬ ደብዳቤ ላይ በግልጽ ተጽፎልኛል፤ አንብቤዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁም፤ ሆኖም እጄ የለመደው ሌላ ነበር።

እጄ የለመደው አዲስ አበባ ውስጥ በልጅነቴ በሠራሁበት የቪዲዮ ማከራያ ቤት ነው። እዚያ ደንበኛ ካሴት መልሶ አምጥቶ «ምስሉ ይረብሻል» ካለ መልሱ አንድ ነው፤ «ሄዱ ቆሽሿል»። ሄድ የምንለው ምስሉን ከካሴቱ ክር ላይ የሚያነበውን የማጫወቻ ክፍል ነው። የማጫወቻውን ክዳን ፈትቶ፣ ንጹሕ ነጭ ወረቀት በአልኮል አርሶ፣ ሄዱን በቀስታ ማጽዳት፤ ካልጠራ ደግሞ እስኪጠራ መደጋገም። ለእኛ ጥሩ ምስል ማለት የጠራ ምስል ነበር። ያስተማሩኝን ሰው ዛሬም አከብራለሁ፤ ትምህርታቸው ለኪራይ ካሴት ልክ ነበር።

ከስብስቡ ውስጥ ወደተሳሳትኩበት ክሊፕ ልምጣ። «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» በኅዳር 1975 በኤልስትሪ ስቱዲዮ፣ በብሩስ ጋወርስ አዘጋጅነት፣ አራት ሰዓት ገደማ በፈጀ ጊዜ ተቀረጸ። የተቀረጸው በፊልም ሳይሆን በቪዲዮ ካሜራ ነው። ዘፈኑ ወደ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ሲሆን፣ ባንዱ ለጉዞ ኮንሰርት እየተዘጋጀ ስለነበር «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» በተባለው የቢቢሲ ፕሮግራም ላይ በአካል ሳይገኝ ክሊፑ እንዲተካው ታስቦ ነው። ዘፈኑ ዘጠኝ ሳምንት በተከታታይ የብሪታንያ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ቆየ። ክሊፑ ሲጀምር የአራቱ የባንዱ አባላት ፊቶች በጨለማ ውስጥ ከላይ በሚወርድ ብርሃን ይታያሉ፤ ከላይ ብራያን ሜይ፣ ከታች መሐል ላይ ፍሬዲ ሜርኩሪ፣ ሁለቱ ደግሞ በግራና በቀኝ። አቀማመጡ የተወሰደው ፎቶግራፈሩ ሚክ ሮክ በ1974 ለባንዱ ሁለተኛ አልበም ሽፋን ካነሣው ፎቶ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከዚህ ምስል ይጀምራል። የድሮ ቴሌቪዥን ምስል ወርዱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር አራት ለሦስት ነው፤ የዛሬው ስክሪን ዐሥራ ስድስት ለዘጠኝ። በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ዓይኔን ስለከበደኝ፣ ምስሉ ስክሪኑን እንዲሞላ አድርጌ መገልበጫውን አስተካከልኩት። ይህ ማለት ከላይና ከታች ተደምሮ የምስሉ ቁመት አንድ አራተኛ ተቆርጦ ይጣላል ማለት ነው። ባዶ ጨለማ የተቆረጠ መስሎኝ ቀጠልኩ።

ሦስተኛው ደቂቃ ካለፈ በኋላ የኦፔራው ክፍል ይመጣል። «ማኒፊኮ» የሚለው ቃል ሲጎተት የፍሬዲ ፊት እየተደጋገመ፣ ፊት ከፊት ኋላ እየተከተለ፣ እያነሰ ወደ ጥልቀት የሚሄድ ሰልፍ ይሠራል። እኔ ያንን ስመለከት የታየኝ የታመመ ካሴት ነው። በቪኤችኤስ ላይ ምስል ጥላ ሲያበዛ፣ ሲሳብና ሲደራረብ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና። ካሴቱን አወጣሁ፣ ሄዱን አጸዳሁ፣ መለስኩ፤ ጥላው አለ። ትራኪንጉን፣ ማለትም ሄዱ ክሩን የሚከተልበትን መስመር፣ አስተካከልኩ፤ አለ። እያጠነጠንኩ፣ እያቆምኩ፣ እየከፈትኩ በዚያችው ቦታ ላይ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስኩ። በየመሐሉ ደግሞ ጥላውን በደንብ ለማየት ምስሉን በፖዝ አቆም ነበር። በፖዝ የቆመ ካሴት የቆመ ቢመስልም፣ ፓል በተባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን ሥርዓት በሚሠራ ማጫወቻ ውስጥ ሄዱን የተሸከመው ከበሮ በደቂቃ 1500 ጊዜ እየዞረ አንዲቷን የክር ክፍል ይፍቃታል። ይህን አውቅ ነበር። ባለማወቅ አጠፋሁ ለማለት ስለማልችል ነው የምጽፈው።

በመጨረሻ ከማጫወቻው ቀጥሎ የተሰካውን የምስል ማጣሪያ እስከ ጥጉ ከፍ አደረግሁት። ከኋላ የነበሩት ፊቶች ተሟሟሙና ጠፉ፤ አንድ ጥርት ያለ ፊት ብቻ ቀረ። ደስ ብሎኝ ፋይሉን መዝግቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ፋይሉን ያዩት፣ ዕድሜያቸውን በቴሌቪዥን ካሜራ ሥራ አሳልፈው ከጡረታ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን በነጻ የሚያግዙን አዛውንት ናቸው። ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ «የላይኛው ሰው ፀጉር የት ሄደ?» ብለው ነው። እውነትም የብራያን ሜይ ያ ሰፊ ፀጉር ከግንባሩ በላይ ተቆርጦ ቀርቷል። የኦፔራው ክፍል ሲደርስ ዝም አሉ፤ ካለፈ በኋላ አስመልሰው አዩት።

«ፊቶቹን ምን አደረግሃቸው?»

«ጥላ ነበረው፤ አጠራሁት» አልኳቸው።

አልተቆጡም። ከመደርደሪያ አንድ ካሜራ አውርደው በገመድ ከሞኒተሩ ጋር ካገናኙት በኋላ ካሜራውን ወደዚያው ሞኒተር አዞሩትና እጃቸውን በመሐል ዘረጉ። በሞኒተሩ ላይ እጅ ታየ፤ ከእጁ ኋላ ሌላ እጅ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ፣ እያነሰ የሚሄድ የእጅ ሰልፍ። ካሜራው የሚያየው የራሱን ምስል ስለሆነ ምስሉ ራሱን እየወለደ ይሄዳል። በሰርግ ድንኳን ውስጥ ማይክሮፎን ወደ ስፒከሩ ሲጠጋ የሚያፏጨው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ድምፁ ራሱን ሰምቶ ይመለሳል። የ1975 ሠራተኞች ይህንን ሆን ብለው፣ ካሜራ ፊት በቀጥታ፣ ኮምፒውተር በሌለበት ፈጥረውታል። ድምፁ ሲያስተጋባ ምስሉም እንዲያስተጋባ ነው የፈለጉት። እኔ ሄድ ለማጽዳት የደከምኩበት ጥላ የሰዎቹ ጥበብ ነበር።

ኃላፊያችን ያልተጣራውን ፋይል ጠየቁኝ። አልነበረም። ማጣሪያው ከማጫወቻውና ከኮምፒውተሩ መካከል ስለተሰካ፣ ወደ ኮምፒውተሩ የገባው ምስል ከመጀመሪያውኑ የተፋቀና የተቆረጠ ነው። «እንግዲያው እንደገና ይገልበጥ» አሉ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

ማጣሪያውን ነቅዬ፣ ሙሉውን ምስል አስተካክዬ አስጀመርኩ። ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት ደቂቃ ሄደ። «ማኒፊኮ» ላይ ሲደርስ ምስሉ ተቀደደ፣ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፣ ማጫወቻውም ክሩን በላው። ክዳኑን ስከፍት ክሩ በጎማው ሮለር ላይ ተጠምጥሞ አገኘሁት። በጣቴ ቀስ እያልኩ ስፈታው ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጅቶብኛል። ከዚያ በኋላ በመብራት ፊት ስዘረጋው አንድ ቦታ ላይ እንደተጨበጠ ወረቀት ተጨማድዶ ነበር። በቪኤችኤስ ካሴት ክሩ በሰከንድ 2.34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የተጨማደደው አምስት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሁለት ሰከንድ ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ጊዜ የተመላለስኩባት፣ በፖዝ ያስፈቅኳት ቦታ እርሷው ነበረች።

ሌላ ማጫወቻ ላይ በጥንቃቄ ሲገለበጥ ቀሪው ሁሉ ዳነ። ብራያን ሜይ ፀጉሩን መልሶ አገኘ፤ በባንዱ ከበሮ መቺ በሮጀር ቴይለር ግቢ ውስጥ በበረዶ መሐል የተቀረጹት ክሊፖችም ከነጎኖቻቸው ገቡ። በሁለቱ ሰከንድ ላይ ግን ነጭ ስንጥቅ ፊቶቹን አቋርጦ ያልፋል።

ለሰጪዋ ስልክ የደወልኩት ራሴ ነኝ፤ ኃላፊያችን እርሳቸው ሊደውሉ ቢሉም ለመንኳቸው። የሆነውን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ጥቂት ቆይተው የትኛው ቦታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው፣ ወንድማቸው ያንን ቦታ እያጠነጠነ ደጋግሞ ያይ እንደነበር፣ እናታቸውም «ካሴቱን ትጨርሰዋለህ» እያሉ ይቆጡት እንደነበር ነገሩኝ። «ቀድሞም የሳሳ ነበር ማለት ነው» አሉ። ሊያጽናኑኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ነገር ግን የሳሳ ክር በእጄ እንዳለ ገና በመጀመሪያው ዕለት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ማጣሪያ ከመክፈቴ በፊት ስልክ ብደውልላቸው ኖሮ በአንድ ጥያቄ ይነግሩኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ላይ የሚደርስ ካሴት ሁሉ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ ሳይቆምና ሳይነካ፣ ሙሉውን ምስል ይዞ ይገለበጣል፤ ጥላም ይኑረው ዝናብ፣ ማጽዳትም ካስፈለገ የሚጸዳው ቅጂው ነው። የጉድለት ምልክት ሲታየኝ ደግሞ የምጠይቃቸው ሰዎች አሉ፤ አዛውንቱ ዛሬም ሐሙስና ዓርብ ይመጣሉ።

በመዝገቡ ላይ ስለ ካሴቱ የሰፈረውን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ «በቦሄሚያን ራፕሶዲ ክሊፕ ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል የተጨማደደ ክር አለ። ቦታው በባለቤቱ ደጋግሞ መታየት የሳሳ ነበር። የተጨማደደው በእኛ ቤት፣ በቴክኒሻኑ ስሕተት ነው። ፊቶቹ ተደጋግመው የሚታዩት ግን ጉድለት አይደለም።»