የተሰበረ ጀበና ይዤ ጂንጃ ገባሁ

እናቴ ጀበናውን በጋቢ ጠቅልላ፣ ጋቢውን በፎጣ ጠቅልላ፣ ሻንጣዬ መሃል እንደ ሕፃን አስተኝታው ነበር። «የወንጌል መልእክተኛ ብትሆንም ያለ ቡና ራስህን ያምሃል» ብላ። ዩጋንዳ፣ ካምፓላ ደርሼ በእንግዳ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ሻንጣውን ስከፍት የጀበናው አንገት ተቀንጥሷል። ሆዱ ደህና ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ቁራጭ ገጥሜ ትንሽ ያዝኳቸው፤ ሲለቀቁ ይለያያሉ። ከሀገር መውጣቴ የታወቀኝ ያኔ ነው። አውሮፕላኑ ላይ እንኳ አልመሰለኝም ነበር፤ ከአዲስ አበባ እንቴቤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በመኪና ከምንለፋው ያንሳል።

የተላክሁት ለአንድ ዓመት ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ጂንጃ በምትባል ከተማ ያለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከወጣቶች ጋር የሚሠራ ሰው ትፈልግ ነበርና እኔ ተገኘሁ። በስንብቱ ዕለት እጃቸውን ጭነው የጸለዩልኝ ሽማግሌዎች «ወደ አሕዛብ» የሚለውን ቃል ደጋግመውት ነበር። ይህን ያነሳሁት ወደ ኋላ ስለምመለስበት ነው።

መጀመሪያ ግን የዓርቡን ሌሊት ልናገር፤ እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል። ማረፊያውን የያዙልኝ ወንድሞች «ካባላጋላ ሐበሻ የበዛበት ሰፈር ነው፣ አይከብድህም» ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ እንጀራ አላጣሁም። የዘነጉት ካባላጋላ የካምፓላ ጭፈራ ቤቶች ሰፈር መሆኑን ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ላስረዳ፦ ሚስዮናዊ ልኮ ቺቺንያ ላይ እንደማሳደር ነው። ከግራ አንድ ዘፈን፣ ከቀኝ ሌላ ዘፈን፣ ሁለቱም አልጋዬ ሥር የሚገናኙ። ለመጸለይ ተንበርክኬ ቃሉን ሳላውቀው የግራውን ዘፈን ስከተል ራሴን አገኘሁት። አጎበሩ ሦስት ቀዳዳ ነበረው፤ አንዱን በካልሲ ደፈንኩት፣ ሌሎቹን ለወባ ትንኞቹ ተውኩላቸው።

በዚያ ላይ ስልኬ ሞተ። የሀገሩ ሶኬት ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው፤ የኔ ቻርጀር ሁለት ክብ እግር። እናቴ ደርሼ እስክደውል እንደማትተኛ አውቃለሁ። በአምስት ሰዓት ግድም ቻርጀሬን ይዤ ወደ ዘበኛው ወረድኩ፤ ቃል ሳልናገር ገባው። ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ክዳኗን ነቅሎ የላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ጠቅ አደረጋት፣ የታችኞቹ ሁለቱ እንደ በር ተከፈቱ፣ ቻርጀሬን ገፍቶ አስገባው። ከዚያ «ሶሪ» አለኝ። ምን አጥፍተህ ነው ሶሪ የምትለኝ ብዬ ግራ ገባኝ። በማግስቱ ደረጃ ላይ ስደናቀፍም አንዲት የማላውቃት ሴት ከማዶ «ሶሪ! ሶሪ!» አለችኝ። እኔም «ኧረ አንቺ አይደለሽም» አልኳት። ለካ የኛው «እኔን!» ነው። ከቀናት በኋላ ነው የገባኝ፤ አሁን እሷን ባገኛት ደስ ይለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ተዘረፍኩ። ዘረፋው ሕጋዊ ነበር፣ በፈቃዴ። እንቴቤ ላይ 100 ዶላር መንዝሬ 360 ሺህ ሽልንግ አካባቢ ስለተሰጠኝ ሀብታም የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ቦዳ ቦዳ የሚሉት ሞተረኛ እስከ ታክሲ ተራው «20 ሺህ» ሲለኝ ከዚያ ሁሉ ላይ ምን አላት ብዬ ከፈልኩ። ጂንጃ ስደርስ ፓስተሩ «አምስት ሺህ እንኳ ይበዛባታል» አለኝ። ባለሞተሩን ወዲያው ይቅር ብዬዋለሁ፣ ሂሳቡን ግን ሦስት ቀን ወደ ብር እየመነዘርኩ ስንገበገብ ሰነበትኩ። እናቴ «ቆንጣጣ» የምትለኝ በከንቱ አይደለም።

ታክሲ የሚሉት የኛኑ ሚኒባስ ነው፤ ነጭ፣ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ዳማ ያለው። አሮጌው ተራ ከላይ ሲታይ የሚኒባስ ጎርፍ ነው። ካልሞላ አይነሳም፤ ይሄ እንኳ ቤቴ ያለሁ አስመሰለኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። የሚነዱት በግራ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ወደ ተሳሳተው ወገን አይቼ አስፋልት ልገባ ስል የኋላ ኪሴን የያዘ ሰው ወደ ዳር ጎተተኝ። ሌባ መስሎኝ እጁን መታሁት። እሱም «ሶሪ» አለኝ።

ናማዎጆሎ የምትባል ቦታ ላይ መኪናው ገና ሳይቆም ዶሮ በእንጨት ተሰክቶ በመስኮቱ ገባ። አንድ አይደለም፣ ስምንት አሥር እንጨት፣ ከዶሮው ጋር የተጠበሰ ሙዝ፣ ከሙዙ ጋር ውኃ፣ ሁሉም አፍንጫዬ ሥር። ለብሰው የሚሸጡት ሰማያዊ ቱታ ቁጥር አለው። ገዛሁ፤ ከሻሸመኔ በቆሎ ሻጮች በኋላ መስኮት ላይ እንዲህ ተረትቼ አላውቅም። ማቢራ የሚሉትን ጫካ ዶሮዬን ስግጥ አለፍኩት።

ድልድዩ ላይ ግን አጥንቱን አስቀመጥኩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተ፣ በገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው። ከሥሩ ወንዙ። ረዳቱ «ናይል» አለ እንደ ተራ ነገር። እኔ የዓባይ ሀገር ልጅ ነኝ፤ ናይል ሲባል በውስጤ የሚመጣው ደፍርሶ፣ አፈር ተሸክሞ፣ እያገሳ የሚወርድ ውኃ ነው። ይሄኛው ግን አረንጓዴ ነው፣ ዝግ ያለ፣ ከሐይቁ ተነስቶ የሚሄድበትን የሚያውቅ ሽማግሌ የመሰለ። ካርቱም ሲደርስ ከኛው ጋር ይገናኛል። ጎኔ የተቀመጠውን ተማሪ «ወንድማማቾች ነን ማለት ነው» አልኩት። «እናንተ ግድብ ሠራችሁ አይደል?» አለኝ። እነሱም እዚችው ጂንጃ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ግድብ አላቸው። ወዲያው ተግባባን።

የፓስተሩ ግቢ ስገባ ዓይኔን አላመንኩም፤ እንሰት! ከቤቱ ጀርባ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ ሰፊ ቅጠል፣ ወፍራም ግንድ። የአያቴ ጓሮ ነው። ቆጮ አማረኝና «ግንዱን መቼ ትፍቃላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ተያዩ። ሙዝ ነው። እኛ ጋ ግንዱ ሥሩ ተበልቶ ፍሬው አይነካም፤ እነሱ ጋ ፍሬው ተበልቶ ግንዱ ይጣላል። ፍሬው ላይ ግን ይራቀቃሉ፦ አረንጓዴውን ሙዝ ይልጡታል፣ በራሱ ቅጠል እንደ ጥቅል ያስሩታል፣ ድስቱ ሥር ግንዱን ቆራርጠው ይረበርቡና ጥቅሉን ከላይ አስቀምጠው ለሰዓታት በእንፋሎት ያበስሉታል። ከዚያ ሳይፈታ በቅጠሉ ላይ እያሉ በእጅ ይጫኑታል፣ እስኪልም። ሲፈታ ቢጫ ነው፣ ይጨሳል፣ የሚሸተውም ኮባ የለበሰ ዳቦ ሲከፈት የሚሸተውን ነው። ማቶኬ ይሉታል። ሽታው ሆዴን አባባው፤ ጣዕሙ ግን፣ እውነት እንነጋገር፣ በርበሬ ያልደረሰበት ነገር ነው። የለውዝ ወጡ አተረፈው።

ከምግቡ በፊት የሆነውን ዘልያለሁ። የፓስተሩ ባለቤት፣ በዕድሜ የእናቴ እኩያ፣ የእጅ ውኃ ይዘው መጡና ፊቴ በሁለት ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ሰላምታ ነው፤ ሴቶቹ እንግዳንም አባወራንም የሚያከብሩት እንዲህ ነው። እኔ ደግሞ ያደግሁት ለታላቅ ብድግ እያልኩ፣ የአያቴን ጉልበት እየሳምኩ ነው። እንደ ሚዳቋ ዘልዬ «በሞቴ ይነሱ!» አልኩ በአማርኛ፤ አልነሱም፤ እኔም ተንበረከክሁ። ጆጉን በመሃላችን አድርገን ሁለታችንም መሬት። ልጆቹ ሳቅ ሊገድላቸው ደረሰ። በሦስተኛው ቀን ተቀምጬ መቀበል ቻልኩ፤ መላመድ ግን አልቻልኩም፣ አንገቴ ይሞቃል።

የፓስተሩን እናት ሁሉም ጃጃ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ቋንቋ አስተማሪዬ እሳቸው ሆኑ። «ዋሱዜ ኦትያ» አሉኝ የመጀመሪያው ጠዋት። ትርጉሙን ልጅየው ሲነግረኝ ደብተሬን ወረወርኩ፦ «እንዴት አደርክ» ነው፣ ቃል በቃል፤ ሌሊቱን እንዴት አሳለፍክ። ማታ ደግሞ «ኦሲብዬ ኦትያ»፤ እንዴት ዋልክ። ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ሰላምታ ማደርህንም መዋልህንም አይጠይቅም፣ እነዚህ ይጠይቃሉ። ሰዓታቸውም የኛ ነው! ጠዋት ሲነጋ ከአንድ ይጀምራሉ፤ «ሳዋ ቢሪ» ማለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፣ የኛው ሁለት ሰዓት።

በዚህ ደስታ ሰክሬ ጉድ ሆንኩ። የወጣቶቹ መሪ ማሴሴ በሚባለው የዓሣ ማውረጃ ማክሰኞ «በሦስት» እንገናኝ ብሎ በእንግሊዝኛ መልእክት ጻፈልኝ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ተገኘሁ። እሱ ያለው በፈረንጁ ሦስት፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በአፋቸው ሲናገሩ እንደኛ፣ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ እንደ እንግሊዝ። እኛም ለፈረንጅ የምናደርገው ይህንኑ ስለሆነ የምናደድበት ሰው አጣሁ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሴቶች ሙኬኔ የሚሉትን ደቃቅ ዓሣ እንደ ጤፍ መሬት ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ፤ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ይዘው ዳር ዳር ይንጎራደዳሉ። ሐዋሳ አሞራ ገደል የቀረሁ መሰለኝ። ቆሮሶውም አለ፣ «ንጌጌ» ይሉታል። አንዱን ልጅ ጥሬውን ቆርጦ በዳጣ እንዲሰጠኝ በምልክት ብጠይቀው ለጓደኞቹ ጠቁሞ አሳያቸው፤ እብድ መጣ ዓይነት።

«ወደ አሕዛብ» ወዳልኩት ልመለስ። ማታ ማታ ጃጃ ከልጃቸው ጋር ሆነው ያስተምሩኛል እንጂ እኔ አላስተምራቸውም። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሚስዮናውያን የቡጋንዳው ካባካ (ንጉሥ) ሙቴሳ ግቢ የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በሉጋንዳ ቋንቋ በ1896 ታትሟል። እንዲያውም ምስጥ እንዳይበላው በብስኩት ቆርቆሮ ልክ፣ አጭርና ወፍራም ሆኖ የታተመ ነበረ። ጃጃ የአባታቸውን አያቶች በስም እየጠሩ ማን መቼ እንደተጠመቀ ይቆጥራሉ። እኔ ጌታን ካገኘሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ፓስተሩ ሐኒንግተን የሚባለውን ጳጳስ ታሪክም ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1885 ጂንጃ ባለችበት በዚሁ በቡሶጋ በኩል ወደ ቡጋንዳ ሲገባ በካባካ ምዋንጋ ትእዛዝ ተገደለ፤ መንግሥታችንን የሚያጠፋ ሰው ከምሥራቅ ይመጣል የሚል ፍርሃት ነበረባቸው። ተርኮ ሲጨርስ አየት አደረገኝና «አንተስ በየት በኩል ነው የመጣኸው?» አለ። ትንፋሼን ወደ ውስጥ ስቤ «እህ» አልኩ፣ እንደኛ። ባለቤቱ አስም ያለብኝ መስሏቸው ውኃ ሊያመጡ ተነሱ።

እስከዚያ ድረስ በአምስት ቀን አንድ ስኒ ቡና አልቀመስኩም። ይህን ልትረዱልኝ ይገባል። ዩጋንዳ ከኢትዮጵያ ጋር ከአፍሪካ ዋና ዋና ቡና ላኪዎች አንዷ ናት፤ ከቤቱ ጀርባ፣ ከሙዙ መሃል፣ ቡና ተክለዋል። ጠዋት የሚጠጣው ግን ሻይ በወተት። ማታም ሻይ በወተት። ረቡዕ ራሴን እንደ ከበሮ ሲመታኝ የተሰበረውን ጀበና አውጥቼ ለጃጃ አሳየኋቸው፣ ምን እንደሆነ በእጄ እያሳየሁ። ሆዱን አገላበጡት፣ ጠረኑን ሳቡ፣ «ኤምዋኚ!» አሉ። ቡና ማለት ነው። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ውኃ የሚጥዱ መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አጣ።

በደረቀ የሙዝ ልጥ የተቋጠረች ትንሽ ጥቅል ይዘው መጡ። ፈቷት። ውስጧ ከነገለባው ተቀቅሎ የደረቀ የቡና ፍሬ። አንዱን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ ሌላውን አፋቸው ውስጥ ጣሉና ያኝኩ ጀመር። ድሮ ሁለት ሰዎች ወንድማማች ሲሆኑም በደም የነካ የቡና ፍሬ ይበላሉ ነበር አለኝ ልጅየው፤ አሁን ለእንግዳ ብቻ ነው። አኘክሁ። መራራ ነው፣ ሣር ሣር ይላል፣ ኋላ ላይ ምላስ ያደርቃል። የእናቴ እናት ጉጂ ነበሩ፤ የቡና ፍሬ በቅቤ ጠብሰው በጭልፋ ሲያድሉን ትዝ አለኝ። ሦስተኛውን ስጠይቅ ጃጃ ጥቅሏን እንዳለች ሰጡኝ።

ማታ እናቴ ደወለች።

«ቡና አገኘህ ወይ?»

«አገኘሁ።»

«ጠጣህ?»

«በላሁት።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ልጠራ ስል፣ «በቅቤ ነው?» አለች።

«ያለ ቅቤ።»

«ኤዲያ! የሚመጣ ሰው ፈልግልኝ፣ ቅቤ እልክልሃለሁ። ጀበናም አብሮ ይመጣል።»