ስለ ሰፈሬ የተጻፈ አንድ ገጽ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ እህቴ አንድ ገጽ ላከችልኝ። ወደ እኔ ሰፈር ልትዛወር እያሰበች ነው። ቤት ማየት ከመጀመሯ በፊት ስለ አካባቢው ነዋሪዎች የወጣውን መረጃ ፈልጋ አገኘች። ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ገቢ፣ ስንቱ ተከራይ እንደሆነ፣ ስንቱ ብቻውን እንደሚኖር፣ ስንቱ ሥራ እንዳለው፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተደርድሯል። ከሥሩ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «አንቺ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ ነው የኖርሽው?»

ከፋኝ። መልስ ሳልሰጣት ስልኩን አስቀመጥኩት። ማታ ጸጥ ሲል ገጹን ከፍቼ ቀስ ብዬ አነበብኩት። እዚያ ላይ ያለው ሰፈር ብቸኛ ሰው የበዛበት፣ ገቢው ዝቅ ያለ፣ ተከራዩ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥበት፣ ከሥራ ውጭ የሆነው ሰው ቀላል የማይባልበት ነው። ውሸት ነው ልል አልችልም። ግን ከላይ እስከ ታች ባነበውም የማውቀውን ሰው አንድም አላገኘሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ሐሳቤ እዚያ ሰንጠረዥ ላይ ነው። በአንድ በር ባለፍኩ ቁጥር፣ ይሄ ቤት የትኛው ረድፍ ውስጥ ገብቶ ይሆን እላለሁ።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት እማማ ይኖራሉ። በሰንጠረዡ «አንድ ሰው የሚኖርበት ቤት» የሚለው ረድፍ ውስጥ ናቸው። ትክክል ነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ የሚያድሩት ብቻቸውን ነው። ቆጠራ ዋናው ጥያቄው ሰው በመደበኛነት የት ይኖራል የሚለው ነው። ቀኑን ከማን ጋር እንደሚያሳልፍ አይጠይቅም። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በቀን ከሕንጻው ሁሉ ሰው የሚበዛበት የእማማ ቤት ነው። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ የሦስት ጎረቤት ልጆች ቦርሳቸውን እየጎተቱ በቀጥታ ወደዚያ ይወጣሉ። ወላጆቻቸው ከሥራ እስኪመጡ የቤት ሥራቸውን እዚያ ይሠራሉ። እማማ ማንበብ እየከበዳቸው ስለመጣ ልጆቹ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። ቁጥጥሩ በጆሮ ነው። አንዱ መስመር ዘሎ ካለፈ ወዲያው ያውቁበታል።

የቁልፉን ነገር ደግሞ ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። እዚህ ከገባሁ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላኝ «ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ፤ ትርፍ ቁልፍሽን ሰው ጋ አስቀምጪ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። አንድ ማታ ታዲያ በዝናብ በስብሼ ስመጣ ቁልፌን ሥራ ቦታ ረስቼዋለሁ። የመተላለፊያው አምፖል ተቃጥሎ ድቅድቅ ጨለማ ነው። በራቸውን አንኳኳሁ። ከበሩ ጀርባ አንድ ምስማር አለ፤ አምስት ቁልፎች ተንጠልጥለውበታል። የአምስት ቤት ቁልፍ። እያንዳንዱ ላይ ወፍራም ክር ታስሯል፣ ክሩ ላይ ቋጠሮ አለ። እማማ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ክሮቹን በጣታቸው ዳበሱ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ያንቺ ሦስት ቋጠሮ ነው። ዓይኔ ስለደከመ በጣቴ ነው የማውቃችሁ» አሉኝ።

በጣቴ ነው የማውቃችሁ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አምስት ቤት ቁልፉን ለአንዲት ሴት አምኖ ሰጥቷል። ስለ አንድ ሰፈር ከዚህ የበለጠ መረጃ ምን አለ? ግን የሚሰፍርበት ረድፍ የለም።

ምድር ፎቅ ላይ የሚኖረው ጎረቤቴም አለ። ጎልማሳ ነው፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እናቱ በስትሮክ ከተመቱ በኋላ ሥራውን ትቶ እሳቸውን ያስታምማል። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መስጠት፣ ሌሊት ሁለት ሦስቴ መነሳት። ክፍያ የለውም። ሥራ እየፈለገም ስላልሆነ «ሥራ አጥ» እንኳ አይባልም። «ከሠራተኛው ኃይል ውጭ» ነው የሚባለው። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት፣ በሳምንቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ብቻ ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። እሱ ግን ሰባቱንም ቀን እየለፋ የለበትም። የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህን አይተውታል። በ2013 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባደረጉት ጉባኤ፣ ቤተሰብን ያለ ክፍያ መንከባከብ «ሥራ» ተብሎ እንዲታወቅ ተስማምተዋል። ከደመወዝ ሥራ ግን ለይተው ነው ያስቀመጡት። ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም እህቴ እጅ የደረሰው ገጽ ላይ ያለችው አንዲት ቁጥር ናት። እህቴ ያቺን ቁጥር አይታ በየጥጉ ሥራ ፈቶ የቆመ ጎረምሳ ነው የታያት። እሱን ደግሞ በየጥጉ ቆሞ አይቼው አላውቅም። የሚቆምበት ጊዜ የለውማ።

የዕድሜው ነገርም ገርሞኛል። ገጹ ላይ ያለው «ሚዲያን ዕድሜ» ነው። ነዋሪውን ሁሉ በዕድሜ ቢያሰልፉት መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ዕድሜ ማለት ነው። የእኛ ሕንጻ የታችኛው ፎቆች ተማሪዎች ናቸው፣ ተሰብስበው የተከራዩ። የላይኞቹ ጡረተኞች ናቸው። መሐል ላይ ያለነው ጥቂት ነን። ስለዚህ ያ ቁጥር የሚነግራችሁ ከሞላ ጎደል ማንም የሌለበትን ዕድሜ ነው። «የጎልማሶች ሰፈር» ብሎ ያሰበ ሰው ሲመጣ ከታች ሙዚቃ፣ ከላይ የከዘራ ኳኳታ ነው የሚቀበለው።

ስለዚህ ነገር ሳነብ ሁሌ የሚመጣብኝ አንድ የቆየ ጥናት አለ። ሮቢንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በ1950 ያሳተመው ነው። የ1930ን የአገሩን ቆጠራ ወሰደና በ48ቱ ስቴቶች ከፋፍሎ አየው። ከውጭ አገር የመጣ ሰው በበዛበት ስቴት፣ ማንበብና መጻፍ የማይችለው ሰው አነስተኛ ሆኖ አገኘው። ይህን ብቻ ያየ ሰው፣ ስደተኞቹ ከተወላጁ የተሻለ ያነባሉ ማለት ነው ይላል። ሰው በሰው ሲቆጠር ግን ነገሩ ተገለበጠ። ስደተኞቹ ማንበብ አለመቻላቸው ከተወላጆቹ ከፍ ያለ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስደተኞቹ በብዛት የሰፈሩት ተወላጁ ይበልጥ በተማረባቸው ስቴቶች ነበር። የአካባቢ ቁጥር የአካባቢ ነው። አንስታችሁ አንድ ሰው ላይ ስትለጥፉት ይሳሳታል። እህቴ እኔ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እኔም በሌላ ሰፈር ሰው ላይ ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ችግሩ ተለጥፎ ብቻ አለመቅረቱ ነው። በ1930ዎቹ በአሜሪካ አንድ የመንግሥት የቤት ብድር ተቋም ከ200 በላይ ከተሞችን ሰፈር በሰፈር እየለየ በአራት ቀለም ቀባ። አረንጓዴው ምርጥ፣ ቀዩ «አደገኛ»። ለደረጃው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የነዋሪው ዘር ነበር፤ የጥቁሮች ሰፈሮች በተደጋጋሚ ቀይ ሆኑ። ሰውን በሰፈሩ ምክንያት ብድር መከልከል በእንግሊዝኛ «ሬድላይኒንግ» (በቀይ ማስመር) የሚባለው ከዚህ ጋር ተያይዞ ነው። በሕግ የታገደው በ1968 ነው። ደመወዙን የሚያጠራቅም፣ ዕዳውን በወቅቱ የሚከፍል ሰው፣ የሚኖርበት መንገድ ቀይ ስለተቀባ ብቻ ተመለስ ተባለ። ገጽ ላይ ያለ ቁጥር ሰውን አይነካም የሚሉኝን ሰዎች በዚህ ነው የምሞግታቸው።

እስከዚህ ድረስ ስጽፍ ልቤ ከእማማና ከጎረቤቴ ጋር ነበር፣ ሰንጠረዡን ደግሞ እንደ ባላጋራ ነበር የማየው። አንድ ረድፍ ግን አላስተኛ አለኝ። ገጹ ሰፈሩ ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ብዙ ናቸው ይላል። ብዙ! በእኛ ሕንጻ አንድም ሕፃን የለም። ስድስት ዓመት ስኖር በመንገዴ ላይ የሕፃን ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ተሳስተዋል አልኩ። ሳስበው ደግሞ ለመሳሳት ሰበብ አያጡም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የትንንሽ አካባቢዎች መረጃ የሚሠራው ከናሙና ነው፣ የአምስት ዓመት መልስ ተጠራቅሞ። ከአራት ዓመት በፊት የለቀቀ ቤተሰብም እዚያ ውስጥ አለ። በ2020ው ቆጠራቸው ደግሞ የሰው ምስጢር እንዳይወጣ ብለው በትንንሾቹ አካባቢዎች ቁጥሮች ላይ ሆን ብለው መዛባት ጨምረውበታል። እንዲህ ያለ ነገር የእኛም ላይ ደርሶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ጫማዬን አድርጌ ወጣሁ። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሳይሆን በሕንጻው ጀርባ በኩል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም፤ የምሄድበት ጉዳይ አልነበረኝማ። ሁለት መንገድ እንዳለፍኩ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች አሉ። አየሁ። ገመድ ሙሉ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት እናት ልጇን በጋሪ ይዛ የተሰባበረ የእግረኛ መንገድ ላይ ቆማለች። ጋሪውን ከፊት ይዤላት አብረን አወረድነው። አመሰገነችኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። በጣቴ ሕንጻችንን አሳየኋት።

«እዚያ ሰው ይኖራል እንዴ?» አለችኝ። «ሁሌ መስኮቱ ዝግ ነው። እኛ ባዶ ነው ብለን ነበር።»

ምን ልበላት? የእማማን ቤት፣ የልጆቹን ንባብ፣ የአምስቱን ቁልፎች አላየችማ። እኔም የእሷን ገመድ አላየሁም። ሰንጠረዡ ብቻ ነው ሁለታችንንም አንድ ገጽ ላይ ያስቀመጠን። ድንበሩን ያሰመረው ሰው መስመሩን በሕንጻችን ጀርባ ቢያሳልፈው ኖሮ፣ አንድም ሰው ቤት ሳይቀይር የእኛ ሰፈር የሽማግሌና የተማሪ፣ የእነሱ ደግሞ የሕፃናት ሰፈር ይባል ነበር።

ቤት ተመልሼ የለንደኑን ቻርልስ ቡዝ አሰብኩት። ሀብታም የመርከብ ነጋዴ ነበር። የከተማውን ድህነት መንገድ በመንገድ አስጠንቶ ካርታውን በሰባት ቀለም አወጣው። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1889 ታተመ፤ ሥራው ሲያልቅ 17 ጥራዝ ሆነ። ከቢጫ እስከ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ የተጻፈው ቃል ከባድ ስድብ ነው። መረጃው የመጣው በአብዛኛው ቤት ለቤት ከሚዞሩ የትምህርት ቤት ተቆጣጣሪዎች ነበር። ቡዝ ግን በዚያ ብቻ አልበቃውም። በምሥራቅ ለንደን ድሆች ቤት ክፍል ተከራይቶ ለሳምንታት አብሯቸው ኖሯል። ካርታው ላይ ያለው ስድብ ያናድደኛል። ክፍል መከራየቱን ግን አከብርለታለሁ።

የእኔ እውቀትም ለካ ናሙና ነው። እኔ በምወጣበት ሰዓት የሚወጡ፣ በእኔ ደረጃ የሚያልፉ፣ በእኔ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ሰዎች ናሙና። ሰፈሬን አውቃለሁ ስል የማውቀው እነሱን ነው። ያቺ እናት የሚያስፈልጋትን የእግረኛ መንገድ ለማስጠገን ሰው ከተነሳ፣ የሚነሳው በእኔ ትዝታ አይደለም። ያን የናቅኩትን ቁጥር ይዞ ነው።

ትናንት ለእህቴ መልስ ጻፍኩላት። ገጹ አልዋሸሽም አልኳት። ግን ሁለት ጊዜ ነይ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሲለቀቅ መጥተሽ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ድረስ ውጪ። ሌላ ቀን ቅዳሜ ጠዋት በጀርባ በኩል እንሄዳለን፤ እኔም ገና አላውቀውም፣ አብረን እናያለን።

ማታ እማማ ጋ ወጣሁና እህቴ ልትመጣ እንደምትችል ነገርኳቸው። ከተማሪዎቹ ልጆች አንዱ አጠገባቸው ጮክ ብሎ እያነበበ ነበር። በእጃቸው አስቆሙትና መሳቢያቸውን ከፍተው ወፍራም ክር አወጡ።

«ስንተኛ ነች?» አሉኝ።

«ስድስተኛ» አልኳቸው።

ቀስ እያሉ መቋጠር ጀመሩ።