የጤና ጣቢያ ቁጥር ለውሳኔ የሚበቃው መቼ ነው?

ከጤና ጣቢያ የሚወጣው ወርሃዊ ሪፖርት ወረዳን፣ ዞንንና ክልልን አልፎ ጤና ሚኒስቴር ይደርሳል። እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን ስህተቱን የሚያርም ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ መዝገቡ የቀረው ጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ነውና። ስለዚህ ቁጥሩ መፈተሽም ለውሳኔ መዋልም ያለበት በቅድሚያ እዚያው ነው።

የሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው። አንዱ ክፍል ከ1 እስከ 30 ከቆጠረ የ10 ቀን ተገልጋይ ወደ ሌላ ወር ይገባል። የመስከረም ሪፖርት ጳጉሜንን ስለሚጨምር 35 ወይም 36 ቀን ይይዛል። በዚያ ወር ቁጥሩ ከፍ ቢል ሥራው ተሻሻለ ለማለት አትቸኩሉ።

ወሩ እንደተዘጋ፣ ሪፖርቱ ወደ ዲኤችአይኤስ ቱ (የጤና መረጃ ወደሚያዝበት የኮምፒውተር ሥርዓት) ከመግባቱ በፊት፣ 12 ቁጥሮችን በዕጣ ምረጡ፤ ከእርግዝና ክትትል፣ ከወሊድ፣ ከክትባት፣ ከቲቢ፣ ከቤተሰብ ዕቅድ እየተቀላቀለ። ሪፖርቱን ያላዘጋጀ ባለሙያ ከመዝገቡ እንደገና ይቁጠርና የገጠመውንና ያልገጠመውን ይመዝግብ። ያልገጠመውን አርሞ ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ ምክንያቱ መገኘት አለበት። ብዙ ጊዜ ታሊው (ተገልጋይ የሚቆጠርበት ቅጽ) ማታ ላይ በግምት ተሞልቷል፣ አለዚያም ለሁለተኛ ክትትል የመጣች እናት እንደ አዲስ ተቆጥራለች። ባዶ የተተወ ሳጥንም ዜሮ አይደለም፤ አገልግሎቱ ተሰጥቶ ተጠቃሚ ካልመጣ ዜሮ ይጻፍ፣ ክትባቱ አልቆ ከሆነም ይገለጽ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የክትባት መቋረጥ ነው፤ ማለትም ጀምረው ያልጨረሱ ሕፃናት ድርሻ። ፔንታ፣ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው ክትባት፣ ለሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ይሰጣል፤ ፔንታ 1 የመጀመሪያው፣ ፔንታ 3 የመጨረሻው ዶዝ ነው። በሩብ ዓመቱ 80 ሕፃናት ፔንታ 1፣ 60 ደግሞ ፔንታ 3 ከወሰዱ ልዩነቱን 20 ለ80 አካፍሉት፤ መቋረጡ 25 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ በላይ ሲሆን ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው። በአንድ ወር ቁጥር ግን ይህን አታስሉ። የዚህ ወር ፔንታ 3 ልጆች ፔንታ 1 የወሰዱት ከሁለት ወር ገደማ በፊት ስለሆነ ፔንታ 3 በልጦ ሊታይ ይችላል።

ሽፋን፣ ማለትም አገልግሎቱን ማግኘት ካለባቸው ስንት በመቶው እንዳገኙ፣ ሲሰላ ሌላ ችግር ይመጣል፤ አካፋዩ የሕዝብ ቁጥር ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ነው። ለዚህ ነው 110 በመቶ የሚባል ሽፋን የሚታየው። መቋረጥ በሕዝብ ግምት ላይ ስለማይመሠረት እኔ ከሽፋን ይልቅ እሱን አምናለሁ።

የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ በየወሩ ሲቀመጥ ሁሉንም አመልካቾች ከማንበብ ሁለት ሦስቱን በቀበሌ ከፍሎ ቢያይ ይሻላል። የኩፍኝ ክትባት የወሰዱ ልጆች ቁጥር በአንድ ቀበሌ ብቻ ከቀነሰ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ጠይቁ። የ10 ዶዝ ብልቃጥ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሚጣል፣ ለሁለት ልጅ መክፈት እየከበዳት እናቶችን ትመልስ ይሆናል። ያኔ ውሳኔው ቋሚ የክትባት ቀን መወሰንና ለመንደሩ ማሳወቅ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የኃላፊው ስም፣ የሚጠናቀቅበት ቀን፣ በሚቀጥለው ወር የሚታየው ቁጥር ይጻፍ።