ስሙን ትቼ መንገዱን ስከተል

አናቶሚ ስማር ያስመረረኝ አጥንት ወይም ጡንቻ አይደለም፤ ወደ ልብ፣ ወደ ጨጓራና ወደ አንጀት የሚሄዱት ነርቮች ናቸው። ስማቸውን ሸምድጄ ለቃል ፈተና ቀረብኩ። ፈታኙ ከአስከሬኑ አንገት ላይ አንድ ነጭ ነርቭ በመቆንጠጫ ብድግ አድርገው "ይሄ የት ይሄዳል?" አሉኝ። "ቫገስ" አልኩ፤ ከአንጎል ተነስቶ ልብና ሆድ ድረስ የሚወርደው ነርቭ ነው። ስሙን እንዳልጠየቁኝ የገባኝ ከወደቅሁ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ትልቅ ወረቀት ላይ ሰው ሳልኩና የስፌት ክር በፕላስተር መለጠፍ ያዝኩ። ሰማያዊው ፓራሲምፓቴቲክ (ሰውነትን የሚያረጋጋው)፣ ቀዩ ሲምፓቴቲክ (ለአደጋ የሚያነሳሳው)፤ አንዱ የነርቭ ሴል ለሌላው በሚያስረክብበት ጋንግሊዮን ላይ ቋጠሮ።

ቫገስ በካሮቲድ ደም ቅዳና በጁጉላር ደም መልስ መካከል አንገትን ይወርዳል። ደረት ላይ ግን ክሬ ተጠማዘዘ። ወደ ማንቁርት የሚመለሰው ቅርንጫፍ በግራ በኩል አኦርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ)፣ በቀኝ በኩል ወደ ክንድ የሚሄደውን ሰብክላቪያን ደም ቅዳን ከስር ዞሮ ነው ሽቅብ የሚወጣው። ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን? ፅንሱ ሲያድግ ልብ ከአንገት ግድም ወደ ደረት ሲወርድ፣ ደም ስሮቹ ነርቩን ጎትተውት ስለወረዱ ነው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ግራና ቀኙ ተምታቶብኝ አያውቅም።

ቫገስ አንጀትን እስከ መጨረሻው የሚያዳርስ ይመስለኝ ነበር። አያዳርስም፤ የትልቁ አንጀት አግድም ክፍል ማብቂያ ገደማ ላይ ከሕብለ ሰረሰር ታችኛው ጫፍ፣ ከ2ኛው እስከ 4ኛው የሳክረም ክፍል፣ ለሚመጡት ነርቮች ይለቅላቸዋል። የሰማያዊው ቋጠሮዎች እዚያው የአካል ክፍሉ ግድግዳ ላይ ናቸው። የቀዩ ግን ራቅ ይላሉ፤ ኩላሊት አናት ላይ ባለው አድሬናል እጢ መሃል የሚገባው ደግሞ ጭራሽ ቋጠሮ የለውም። እኔ አስሬበት ኖሮ መፍታት ነበረብኝ።

ያ ወረቀት የጠቀመኝ ሕመምተኛ ማየት ስጀምር ነው። አንዲት እናት ሆዳቸውን አሟቸው መጡ። "የት ጋ ነው እማማ?" ስላቸው እጃቸውን እምብርታቸው ዙሪያ አዞሩ፤ "ማታ እንዲህ ነበር፣ ዛሬ ግን…" ብለው በአንድ ጣት ታች በስተቀኝ ጠቆሙ። የትርፍ አንጀት ሕመም ስሜት የቀዩን ክር መንገድ ተከትሎ በ10ኛው የደረት ክፍል ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል፤ የእምብርት ቆዳም እዚያው ነው የሚገባው። ቁስለቱ የሆድ ግድግዳን ሽፋን ሲነካ ደግሞ የቆዳና የጡንቻ ነርቮች ቦታውን ለይተው ይናገራሉ። ምርመራቸውን ሳልጨርስ ቀዩ ክር ዓይኔ ላይ መጣ።