አምስት ከአምስት

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከመደበኛው ደብተር ሌላ አንድ ቀጭን ደብተር አላቸው። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሲል የገባቸውን፣ ያልገባቸውንና አልዋጥ ያላቸውን ይጽፉበታል። ማርክ የለውም፤ ቀይ እስክሪብቶም አይነካውም። መጀመሪያ ሰሞን ሰሌዳውን ገልብጠው ነበር የሚያመጡልኝ። ምን ያድርጉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የለመዱት ያንኑ ነው።

እፍግታን (አንድ ነገር ለመጠኑ ምን ያህል እንደሚከብድ) የተማርን ለት የአንድ አሳ አጥማጅ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «ቲቸር ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገል ከውሃ ስለሚቀል ነው አሉ። የአባቴ ታንኳ ግን ውሎ ሲያድር ይከብዳል። ደንገሉ ያው ደንገል ነው።» ከሥሩ በእርሳስ «ለምን ይመስልሃል?» አልኩት። በሚቀጥለው፦ «አባቴ አውጥቶ ጸሃይ ላይ ሲያቆመው መልሶ ይቀላል። የከበደው የጠጣው ውሃ ነው።» ደንገሉ ውስጥ ያለው አየር ለውሃ ቦታ ሲለቅ እፍግታው ይጨምራል ከማለት ሌላ ምን ቀረኝ? ስታፍ ገብቼ ለሁሉም አነበብኩላቸው።

ሱፐርቫይዘሩ መጡ። 7ኛና 8ኛ «መካከለኛ ደረጃ» ከተባሉ ወዲህ ቼክሊስቱም ረዝሟል። ከተደረደሩት ደብተሮች ያንኑ መዘዙ።

«እህቴ፣ ይሄ አልታረመም።»

«አይታረምም ጋሼ፤ የሚያስቡበት ነው።»

«ማርኩስ?»

«የለውም።»

«ማርክ ከሌለው ለምን ይጽፋሉ?»

ልመልስ ስል «ጸሃይ» የምትለዋን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። ቀጥለው የእኔዋን «ለምን ይመስልሃል?» አዩ።

«አንቺ መልሱን አታውቂውም?»

እስከ ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ስቀመጥ ለዚህች ጥያቄ መልስ ስፈልግ ራሴን አገኘዋለሁ። አንዳንዶቹ የሚጻፉ አይደሉም።

በመንፈቅ ዓመቱ ግምገማ ላይ የክላስተራችን ምርጥ ተሞክሮ ተቀመረ ተባለ። ስላይዱን ሳየው ያው የኔው ደብተር ነው። ስሙ «የተማሪዎች የነጸብራቅ መዝገብ» ሆኗል፤ አቅራቢው ሱፐርቫይዘራችን ናቸው፤ ከተከታታይ ምዘናው አምስት ማርክ ተይዞለታል። አጨበጨብን። ሻይ ቡናው ግን ጥሩ ነበር።

አሁን ደብተሮቹ ጽድት ብለዋል። «የዛሬው ትምህርት በጣም ጠቃሚ ነበር» የማይል የለም። ሁሉም አምስት ከአምስት ነው፤ እውነት ለመናገር ለማረምም ይቀላል።

ባለፈው በእረፍት ሰዓት ያን ልጅ ጠርቼ ክርክሩን ለምን እንደተወ ጠየቅኩት።

«አልተውኩም ቲቸር። ደንገሉ መሃል ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ሃይላንድ ቢጠቀጠቅበት፣ ውሃ ቢጠጣም ብዙ አይሰጥምም እያልኩ ነው።»

«ታዲያ ጻፈዋ!»

«ማርክ አይቀንሱብኝም?»