ሾኬ አያስተነፍስም ነበር

የማውንቴን ብስክሌቴን የኋላ ሾክ ለማስተካከል ሁለት ወር ፈጀብኝ። ሥራው የአንድ ከሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ የበላችው «ጭስስ» የምትል አንዲት ድምፅ ናት።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። የሾኩን መቆለፊያ ክፈቱ። ሄልሜቱንም ቦርሳውንም ሳታስቀሩ፣ ልክ እንደምትነዱ ለብሳችሁ፣ ግድግዳ ተደግፋችሁ ብስክሌቱ ላይ ውጡ። ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ዘንጉ ላይ ያለችውን የጎማ ቀለበት እስከ ጥጉ ግፏትና ሳትነጥሩ ውረዱ። ስትወርዱ በቀለበቷና በጥጉ መካከል የሚቀረው ርቀት «ሳግ» ይባላል፤ ሾኩ በክብደታችሁ የሰመጠው ልክ ነው። የኔ ሾክ እስከ መጨረሻው ሲጫን የሚገባው 55 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የምፈልገው ሳግ፣ 30 በመቶው፣ 16 ተኩል ነው። 180 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ሞልቼ ስለካ 16 መጣ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

ፓምፑን ስነቅል «ጭስስ» አለ። ደነገጥኩ። መልሼ ስሰካው የፓምፑ ግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ 165 አለኝ። እንደገና 180 ሞላሁ፣ ነቀልኩ፣ «ጭስስ»። ሰካሁ፣ 165! ታዲያ ብልጥ ሆንኩና የሚያመልጠውን አስቤ 195 ሞላሁ። ቆይቶም 210። ያን ሰሞን ድንጋይ በረገጥኩ ቁጥር ኮርቻው ከታች ይማታኝ ጀመር። ጥፋቱን በሪባውንድ፣ ማለትም ሾኩ ከተጫነ በኋላ በሚመለስበት ፍጥነት አሳብቤ እሱን አዘገየሁት። ባሰበት። ሾኩ ከአንዱ ድንጋይ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል።

በመጨረሻ ወደ ጠጋኝ ወሰድኩት። «ያስተነፍሳል» አልኩት። ሰውዬው አንዴ እንኳ ሳይፈትሽ ጎሚኒዎቹን በሙሉ ቀየረና ሒሳቡን ተቀበለ። ቤት ገብቼ ፓምፑን ሰካሁ፤ ያው ሆነ።

ነገሩ የገባኝ ስለ ሾኩ ሳይሆን ስለ ፓምፑ የምታወራውን ቁራጭ ወረቀት ሳነብ ነው። ስንነቅል የሚጮኸው የፓምፑ ቱቦ ውስጥ የቀረው አየር ነው። የሾኩ ቫልቭ ቀድሞ ተዘግቷል። መልሰን ስንሰካ ደግሞ ባዶው ቱቦ ከሾኩ አየር ይጠጣል። ሾክ የሚይዘው አየር ጥቂት ስለሆነ ያቺ ጉንጭ ታህል አየር ጌጁን ታወርደዋለች። ለካስ አየሩን የማስወጣው እኔው ነበርኩ፣ በመለካት!

ስለዚህ ከየጉዞው በፊት በጌጅ ለኩ የሚለውን ምክር አልቀበልም። ቀለበቷን ለኩ። ማታ 16 ከነበረ ጠዋትም 16 ከሆነ ሾኩ ጤነኛ ነው። በክብደት የተዘጋጀው የአየር ሰንጠረዥም ለመነሻ እንጂ ለመድረሻ አይሆንም። አየር ስትሞሉ ግን በየመሃሉ አስር ጊዜ ያህል ቀስ አድርጋችሁ ጫን ለቀቅ አድርጉት። ውስጡ ያለው ሁለተኛ የአየር ክፍል ከዋናው ጋር እስኪመጣጠን ልኬቱ ያታልላል።

ሪባውንድን ሁሌም ከተዘጋበት ቁጠሩ። ማዞሪያውን ወደ ቀኝ እስኪቆም፣ ከዚያ ወደ ግራ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያላችሁ። ተቀምጣችሁ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ውረዱ። አንዴ ነጥሮ ከተረጋጋ ይበቃል። የኔ 7 ላይ ነው። ፍሬሙ ላይ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ «180፣ 16፣ 7» ብዬ።

የተቀየሩት ጎሚኒዎች በፌስታል ተቋጥረው መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። አዲስ ይመስላሉ።