ከኖይዝ በታች

ስለ ሬዲዮ ሲግናል የጻፍኩት የላብራቶሪ ሪፖርት ዛሬ ታርሞ ተመለሰ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አንዲት ቁጥር በቀይ ተከባለች። አጠገቧ የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ ሌላ ምንም የለም። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ከተለያየ ምንጭ የመጡ፣ እያንዳንዳቸው ኔጌቲቭ 40 ዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) የሆኑ ሁለት ሲግናሎች አንድ መቀበያ ላይ ሲገናኙ ድምራቸው ስንት ነው? ኔጌቲቭ 80 ብዬ ጽፌያለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ ለጠዋት ማስረከቢያ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዲቢኤም እኮ ሎጋሪዝም ነው፤ ኃይልን ከ1 ሚሊዋት ጋር እያነጻጸረ ይለካል፣ ቁጥሩ በአሥር በጨመረ ቁጥር ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል። ኔጌቲቭ 40 የሚሊዋት አሥር ሺኛ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለት አሥር ሺኛ ይሆናሉ፣ ኔጌቲቭ 37 ገደማ። ኔጌቲቭ 80 ግን የሚሊዋት መቶ ሚሊዮንኛ ነው። ሁለተኛ መብራት ጨምሬ ክፍሉን አጨለምኩት ማለት ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዲቢ ዲቢ ስል ከርሜ፣ ቁጥሩ የቱን ያህል ኃይል እንደሆነ አንድ ቀን ቆም ብዬ አለማሰቤ ነው ያበሸቀኝ። ፎርሙላውን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ።

በብሽቀቴ ተቀምጬ የጂፒኤስን ስሌት ከመጀመሪያው ሠራሁት። ሳተላይቱ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። መሬት ላይ የሚደርሰው ሲግናል ኔጌቲቭ 130 ዲቢኤም አካባቢ ነው። በሌላ በኩል ሙቀት ብቻውን የሚፈጥረው ኖይዝ፣ ማለትም ሲግናልን የሚሸፍን ዝብርቅርቅ፣ አለ፤ በተለመደው የክፍል ሙቀት ለእያንዳንዱ ኸርዝ ኔጌቲቭ 174 ዲቢኤም። ለ2 ሜጋኸርዝ ባንድዊድዝ (መቀበያው ለሚሰማው የፍሪኩዌንሲ ስፋት) 63 ዲቢ ሲጨመርበት ኔጌቲቭ 111 ይመጣል። ሁለት ጊዜ አጣራሁት። ሲግናሉ ከኖይዙ በ19 ዲቢ ያንሳል፤ ወደ 80 እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት! ስልኬ ግን ያለሁበትን ቦታ ያውቃል።

ክፍል ውስጥ ይህ ተነግሮናል። ሰምቼው ነበር፣ አላመንኩትም እንጂ። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ላይ ሞከርኩት። ጂፒኤስ ደጋግሞ እንደሚልከው፣ መቀበያውም አስቀድሞ እንደሚያውቀው ዓይነት 1,023 ቁራጮች ያሉት ኮድ ሠራሁ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወይ አንድ ወይ ኔጌቲቭ አንድ ነው። ከዚያ በኃይል መቶ እጥፍ የሚበልጥ ኖይዝ ደፋሁበት። ግራፉ ላይ የሚታየው ትርምስ ብቻ ነው። ኮዱን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እያንሸራተትኩ ከትርምሱ ጋር አነጻጸርኩት፤ የኮዱን አንድ ዙር ብቻ ስወስድ እዚህም እዚያም ትንንሽ ጉብታዎች፣ የትኛው የኔ እንደሆነ አይለይም። ሃያ ዙር ደመርኩ። መሀል ላይ አንዲት ቀጥ ያለች መስመር ተተከለች፤ ዙሪያዋ ያለው ሁሉ እንደ ሣር ዝቅ ብሏል።

ራሴ የደበቅሁትን ራሴ አገኘሁ፤ ያም ሆኖ ብቻዬን ጮህኩ። ሲግናሉ ሃያ ጊዜ ሲደመር ሃያ እጥፍ ያድጋል። ኖይዙ ግን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚል እርስ በርሱ እየተጠፋፋ 4.5 እጥፍ ያህል ብቻ ነው የሚያድገው። ዋጋው ጊዜ ነው፤ ጂፒኤስ በዚህ ኮድ መልእክቱን የሚልከው በሰከንድ 50 ቢት ብቻ ነው። የኢንፎርሜሽን ቲዎሪ መሥራቹ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያረጋገጠውም ይኸው ነው፦ ኖይዝ የፍጥነትን ጣሪያ ይወስናል፤ ከጣሪያው በታች ለሚናገር ግን ስህተቱን እስከፈለገው ድረስ ማሳነስ ይቻላል። የእሱን ፎርሙላ ለፈተና የሸመደድኩት ቀን ስለ ትዕግሥት የሚያወራ አልመሰለኝም ነበር።

ሪፖርቱን መልሼ አወጣሁና ከቀዩ ክብ ጎን በእርሳስ ኔጌቲቭ 37 ብዬ ጻፍኩ። ማርኩ አይመለስም። ነገ ግን ኮዱን ኖይዙ ሺህ እጥፍ ሲሆን እሞክረዋለሁ፤ ስንት ዙር እንደሚፈጅ አስቀድሜ በእጄ አስልቼ።